የጎረቤቴ እርጎ

ባለቤቴን መጀመሪያ ግራ እግሯ ደነዘዛት፤ ቀጥሎ አንድ ዓይኗ ጭጋግ ለበሰ። ሰው ቡዳ ነው አለ፤ እኔም ሁለት ሦስት ሰው ጠረጠርኩ። ጎንደር ያለው ሐኪም ግን መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል ሕመም ነው አለን፤ የሰውነት ዘበኛ ሌባ የያዘ መስሎት የገዛ ጌታውን ነርቭ ሲያጠቃ የሚመጣ። የጠረጠርኳቸውን ሰዎች በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከአንዱ በቀር።

እሱ ደባርቅ ውስጥ አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ ነው። በወጣትነታችን ዳባት ድረስ ለባለቤቴ ሽማግሌ የላክነው በአንድ ሰሞን ነበር፤ የእኔዎቹ በአንድ ሳምንት ቀደሙ። ዛሬ ሚስቱ ሞታበታለች፤ ሦስት ላሞች አሉት። እኔ ያለኝ ሪህ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ለቀጠሮ ስንሄድ ላግዛችሁ ብሎ ተከተለን። እሷ የእሱን ክንድ ይዛ፣ እኔ ቦርሳዋን ይዤ ገባን። ሐኪሙ ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከጤነኛው ሰው ለየት ብለው እንደሚገኙ ነገረን፤ ምክንያት ይሁኑ ውጤት ግን ገና በውል አልታወቀም አለ።

ጎረቤቴ ቀበል አድርጎ፣ «እርጎስ?» አለ።

«ትጠጣ፣ ምግብ ነው። መድኃኒት ግን አይደለም፤ መርፌዋን እንዳታቋርጥ።»

ከማግስቱ ጀምሮ በየማለዳው አንድ ጣሳ እርጎ መጣ። በዓለ ሃምሳ ስለነበር ረቡዕና ዓርብ እንኳ እረፍት አላገኘሁም። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስምና እሷ ጣሳውን ቆሎ ትሞላዋለች፤ አድራሹ እኔ። የባላንጣዬ ተላላኪ ሆንኩ። የፈራሁት እርጎውን አይደለም። የምትደገፈው ትከሻ እንዳይቀየርብኝ ነው።

አንድ ቀን ወተት ገዛሁና ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን አሮጌ ቅላችንን አወረድኩ። ውስጡ ጠቁሯል። ለአንጀቷ ንጹሕ ይሁን ብዬ በበረኪና ፈተግሁትና ወተቱን እንዲረጋ ጨመርኩበት። በሦስተኛው ቀን የወጣውን ድመቷ አሽትታ ሄደች።

«ምን አድርገኸው ነው?» አለች ባለቤቴ።

«አጠብኩት።»

«በምን?»

ነገርኳት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «የሚያረጋውን ፈጅተህ እርጎ ትጠብቃለህ? ሐኪሙ ስለ ባክቴሪያ ሲያወራ የት ነበርክ?»

«ከጎንሽ።»

«እሱን ስታይ ነበር።»

አዲስ ቅል በወይራ አጠንኩና አንገቴን ሰብሬ ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ። ላም ሲያልብ አገኘሁት።

«ለማርጊያ የሚሆን ትንሽ እርጎ ስጠኝ።»

ቀና አለ። «ያኔ ያቺን አንድ ሳምንት ብትሰጠኝ ኖሮ አሁን አትለምንም ነበር» አለና ሦስት ጭልፋ ጨመረልኝ። ደግነቱ ከተበላሸብኝ ወተት በላይ አንገበገበኝ።

በሦስተኛው ቀን ረጋ። ባለቤቴ ቀምሳ ከንፈሯን ጠረገች።

«የእኔ ነው» አልኳት።

«የእሱ እጅ እጅ ይላል» አለችና መደርደሪያው ላይ የቀረውን የእሱን ጣሳ በእርጎው ሞላችው። ተቀብዬ ልወጣ ስል፣ «ቆይ፣ ዛሬስ አብረን እናድርሰው» ብላ ትከሻዬን ያዘች።

እግሯን እየጎተተች ወጣን። ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ያየናል። ሪሄ ብሶብኝ ነው ብዬ እርምጃዬን የበለጠ አዘገየሁት፤ በደንብ እንዲያይ።