ቀላሉ ጠመንጃና የተኩሱ ተራ

ዓርብ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከየካ አባዶ ወዲያ ባለ የተተወ የድንጋይ ካባ ውስጥ የመጀመሪያውን ዒላማ ሰቀልን። ካባው ለሁለት ቀን ለተኩስ ተፈቅዶልን ነበር።

ሦስት ነበርን። እኔ ቦሌ ላይ ቢሮ ባለው አነስተኛ የአደን አስጎብኚ ድርጅት የመሣሪያ ኃላፊዋ ነኝ፤ የተማርኩት መካኒካል ምህንድስና ነው። ሁለተኛው ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋው መሪ አዳኛችን ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሦስተኛው ሰባት ዓመት ሙሉ ከኋላቸው ጓዝ ተሸክሞ የተጓዘው ረዳታቸው ነው።

የመጣነው አዲስ ጠመንጃ ለመፈተሽ ነበር። ሁለት አፈሙዝ አለው፤ የታችኛው እንደ ማንኛውም ጠመንጃ አንድ ጥይት ይተኩሳል፣ የላይኛው ለቆቅና ለጅግራ የሚሆን የእርሳስ ፍሬ ይበትናል። ሁለቱ አፈሙዞች ተበይደው የተጣበቁ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ዳገት ለሚወጣ ሰው ሁለት መሣሪያ ከመሸከም አንድ ቀላል መያዝ ይሻላል በሚል ነው የታሰበው፤ ስመዝነውም እስካሁን ከምንይዘው አሮጌ ጠመንጃ በአንድ ኪሎ ተኩል ያንሳል። ከጠመንጃው ጋር ግን ሰውም ይፈተሽ ነበር። የጋሼ ጉልበት ከእንግዲህ ተራራ አያስወጣቸውም። ረዳቱ ዒላማውን በጥይት ከመታ በሚቀጥለው ወር እንግዶች እየመራ ይወጣል፤ ካልመታ ከሌላ ድርጅት ሰው ይቀጠራል፣ እሱም ወደ ጓዙ ይመለሳል። የፍተሻውን ውጤት የምጽፈው እኔ ነበርኩ።

በእርሳስ ፍሬው ጀመርን። በሠላሳ እርምጃ ላይ ያቆምነውን ካርቶን ሁለቱም ወንፊት አደረጉት። ጋሼ ትከሻቸውን እያሹ፣ "ይሄ ጠመንጃ ነው ወይስ በቅሎ? ይራገጣል እኮ!" አሉ።

"ገብስ የማይፈልግ በቅሎ ነው ጋሼ" አለ ረዳቱ።

"አንተ ዝም በል። ገና ሳትጭነው አታመስግነው።"

መሣሪያው ካረፈ በኋላ ድኩላ ወደተሳለበት የመቶ ሜትር ዒላማ አለፍን። ረዳቱ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጎ ጠመንጃውን በሁለት እጁ ለጋሼ አቀረበ። እኔም "ጋሼ ይቅደሙ" አልኩ። ሌላ ተራ ሊኖር እንደሚችል ከሦስታችን ማንም አላሰበም። ጋሼ ሁለት ተኮሱ፤ ረዳቱ ወዲያው ተቀብሎ ሁለት ተኮሰ፤ ከዚያም ወረቀት ልንቀይር መቶ ሜትሩን ሄደን ተመለስን። እንዲህ ሦስት ጊዜ ደጋገምነው። በአቅራቢ መነጽር እያየሁ እያንዳንዱ ጥይት ያረፈበትን ቦታና የተተኮሰበትን ደቂቃ መዘገብኩ።

የጋሼ ጥይቶች መሐሉ አካባቢ አረፉ። የረዳቱ ስድስቱም አንድ መዳፍ ያህል ከፍ ብለው ነበር።

"ሰማይ ላይ ምን አየህ?" አሉት ጋሼ። "ድኩላው ክንፍ አወጣ እንዴ?"

"በደንብ ነው ያነጣጠርኩት፣ ጋሼ።"

"ጠመንጃው አንድ ነው። የተለየው እጅ ነው።"

እኔም ማስታወሻዬ ላይ "ወደ ላይ ይስታል" ብዬ ጻፍኩ። ረዳቱ ባዶ ቀለሆቹን ሲያስረክበኝ ሁለት ጊዜ ቆጠራቸው። "ያዩትን ይጻፉ ኢንጂነር፤ ቅር አይለኝም" አለኝ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጠመንጃውን ቢሮ ባለው የብረት ካዝና ቆልፌ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። የረዳቱን ጥይቶች በማስመሪያ ለካኋቸው። ከመሐሉ ርቀዋል፤ እርስ በርሳቸው ግን ተጠጋግተዋል፤ ሦስቱ ወረቀቶች ቢደራረቡ ስድስቱንም በአንድ የሻይ ብርጭቆ አፍ መሸፈን ይቻላል። እጁ የማይጸና ሰው ጥይቱን ይበትናል እንጂ አንድ ቦታ አይሰበስብም። ቀጥዬ የጋሼን አየሁ። በሦስቱም ወረቀት ላይ ሁለተኛዋ ጥይት ከመጀመሪያዋ ከፍ ብላለች።

ያን ጊዜ ደቂቃዎቹን አነበብኩ። ጋሼ የሚተኩሱት እኛ ስንመላለስ ነፋስ ባቀዘቀዘው አፈሙዝ ነበር፤ ረዳቱ የሚተኩሰው እሳቸው ባሞቁት። ሁለት ስስ ብረቶች ተበይደው የታችኛው ብቻ ሲሞቅ ይረዝማል፣ የላይኛው ይይዘዋል፣ አፈሙዙም ወደ ላይ ይጎብጣል። ይህን ገና በሁለተኛ ዓመት ተምሬዋለሁ። ተራውን የወሰንኩት ግን በተማርኩት ሳይሆን በዕድሜ ነበር። ታላቅን ማስቀደም የምኮራበት ልማድ ነው፤ ለፍተሻ ግን ስህተት ሆነ፣ ስህተቱም የእኔ ነበር። "ወደ ላይ ይስታል" የሚለውን ሰረዝኩት።

በማግስቱ ጠዋት ካባው ውስጥ ወረቀቶቹን ድንጋይ ላይ ዘርግቼ ለጋሼ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

"እንግዲህ ትናንት ብረቱን እያሞቅኩ ስሰጠው ነው የዋልኩት በዪኛ?"

"እንደዚያ ነው፣ ጋሼ።"

ወደ ረዳቱ ዞሩ። "ና አንተ፣ ቅደም። የሞቀው ዛሬ ለእኔ ይድረሰኝ።"

ረዳቱ ጠመንጃውን እንደያዘ ቆሞ አየኝ። "ቅደም ተብለሃል" አልኩት።

ሁለት ተኮሰ። የመጀመሪያዋ መሐሉን መታች፤ ሁለተኛዋ ሁለት ጣት ከፍ አለች። ጋሼ ተከተሉ፤ የሁለቱም ጥይታቸው ምልክት አንድ መዳፍ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሁለት ጊዜ ደገምነው፤ ያው ሆነ። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው ወረቀቱን ተጠግተው አዩት።

"ለካስ ድኩላው እውነትም ክንፍ አለው" አሉ። ረዳቱ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ውሳኔውን እዚያው ጻፍኩ፣ ሦስታችንም ፈረምን። የዓርቡ ፍተሻ በእኔ ስህተት ተሰርዟል። ጠመንጃው ይገዛል፤ ከሁለት ጥይት በኋላ ግን እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። በሚቀጥለው ወር እንግዶቹን እየመራ የሚወጣው ረዳቱ ነው። ጋሼ ብዕሩን ሳይመልሱልኝ ከፊርማቸው ሥር አንድ መስመር ጨመሩበት፤ ጓዙን የሚሸከምለት ሌላ ሰው ይፈለግ።