ወንድሜ በሦስት ካሴት

ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ቦንጋ ገበያ ዳር ካለ ሙዚቃ ቤት ተቀጥሬ ካሴት እቀዳ ነበር። ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ሥራው ቀላል ነው፤ ዋናውን ካሴት በቴፑ ግራ፣ ባዶውን በቀኝ ከትቶ መጫንና ቁጭ ብሎ መስማት። ቁጭ ማለቱ ግን አልሆነልኝም። አንዱ ዘፈን እስኪያልቅ እነሳለሁ፣ መስታወቱን እወለውላለሁ፣ በር ላይ ወጥቼ ዝናቡን አያለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ቤታችን ሁላችንም እንዲያው ነን። ታላቅ ወንድሜማ ምሳ ሲበላ እንኳ ጉልበቱ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጣል። "ወጡ ተደፋ እኮ፣ እግርህን ሰብስብ!" ትለዋለች እናቴ።

ይህ ወንድሜ ሙዚቀኛ ነበር፤ ያውም በሦስት ቦታ።

ደመወዙን የሚያገኘው ከዞኑ የባህል ቡድን ነው። ስብሰባ ሲከፈት፣ እንግዳ ሲመጣ፣ በዓል ሲከበር ከከበሮ መቺው አጠገብ ቆሞ ቤዝ ጊታር ይመታል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ኦርጋን ተሸክመው ሰርግ ይጫወታሉ፤ ሺሺንዳ ድረስ ይጠሯቸዋል። ሦስተኛው ብቻውን የሚጫወተው ነው። ጠዋት ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ይመጣና ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን በክራር እየዘፈነ በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ ይቀዳል። ጠላታችን ዝናብ ነው። ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር "አጥፊው!" ይላል። ቦንጋ ደግሞ ዝናብ ሰው ዘፍኖ እስኪጨርስ አይጠብቅም፤ ስለዚህ ግማሾቹ ዘፈኖች መጨረሻቸው ዝናብ ነው።

የሦስቱንም ካሴት የማባዛው እኔ ስለሆንኩ ከሱ ከራሱ ይበልጥ አውቃቸዋለሁ። በቡድኑ ውስጥ ወንድሜ አይሳሳትም። እዚያ አንድ ሰው ከሳተ ዘፋኙም ተወዛዋዡም ይወድቃል፤ እሱም እንደ ቤት ምሰሶ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ምሰሶን ደግሞ ማንም ልብ አይለውም። ሰርግ ላይ ይሳሳታል፣ ግን ስህተቱን በቀልድ ይሸፍናል። አማቲቱን ያሞግሳል፣ ሚዜዎቹን ይሳደባል፣ ግጥም ሲጠፋው "እልል በሉ እንጂ!" ብሎ ያመልጣል። ብቻውን ሲሆን ስህተቱን እዚያው ይተወዋል። ድምፁ ይቀጥናል፤ የፈራ ሰው ድምፅ ነው። ሰምቼ ስጨርስ ጥሩ ይሁን መጥፎ አላውቅም፤ እግሬ ብቻ ወደ በሩ ይሄዳል።

የሱቁ ባለቤት ከመሐል አገር የመጡ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ዕቃ ለማምጣት አዲስ አበባ ይመላለሳሉ፤ መርካቶ ውስጥ የሚያውቁት ካሴት አሳታሚ አለ። አንድ ቀን ወንድሜን፦

"አንድ ካሴት ስጠኝና ላሰማልህ" አሉት። "ግን አንድ ሰው ይሁን። ሦስት ሰው ጭኜ አልሄድም፤ የጭነት መኪና አይደለሁም።"

ወንድሜ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣ። "ይህም ካልሆነ ክራሩን ሸጬ እገላገላለሁ" አለ። ቀልድ እንዳልሆነ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። የትኛውን እንደሚሰጥ ግን መወሰን አቃተው።

"የቡድኑን ስጥ" አለች እናቴ። "ዩኒፎርም ለብሰህ ሲያዩህ ሰው ትመስላለህ።"

"እማዬ፣ በካሴት ዩኒፎርም አይታይም።"

"ድምፅህ ላይ ያስታውቃል!"

ጓደኞቹም ቤታችን ድረስ መጡ። "የሰርጉን ነው እንጂ! አዲስ አበባ ሰው አያገባም እንዴ?"

ወደ እኔ ዞረ። "አንቺስ?"

"የክራሩን።"

"ለምን?"

"እንጃ። እሱን ስሰማ መቀመጥ ያቅተኛል።"

"አንቺ ደግሞ መቼ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ!"

ጋሼ ክርክሩ ሰለቻቸው። እሳቸው ካሴት የሚመዝኑበት የራሳቸው መንገድ አላቸው። አዲስ ካሴት ሲመጣ በገበያ ቀን ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙረው ይለቁትና በሩ ላይ ቆመው መንገደኛውን ያያሉ። "ነገ ሦስቱንም እንለቃለን፤ ገበያተኛው ይፍረድ" አሉ። ከገበያው ማግስት ወደ አዲስ አበባ ተሳፋሪ ናቸው።

መጀመሪያ የባህል ቡድኑን ለቀቅኩ። ሰዉ እርምጃውን ፈጠን ፈጠን አደረገ። ቡና የተሸከመች ሴት ጓደኛዋን "ዛሬም ስብሰባ አለ እንዴ?" ስትላት ሰማሁ። ጓደኛዋ "መዋጮ ይሆናላ! በወዲያ በኩል እንዙር" አለቻት። ዞሩም። ወንድሜ ሳቀ፤ አሳሳቁ ግን አላማረኝም።

ቀጥሎ የሰርጉን ለቀቅኩ። እሱማ ምኑ ይወራል! ጎረምሶች ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ አንድ ተሸካሚ ጆንያውን ሳያወርድ ጨፈረ። የወንድሜ ጓደኞች "አላልንህም!" እያሉ ተቃቀፉ። ዘፈኑ ሲቆም ሁሉም ወደየጉዳዩ ሄደ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይሸጣል። ግን እንዲህ ያለው መደርደሪያ ሙሉ አለኝ።"

ሦስተኛውን ከተትኩ። ክራሩ ጀመረ፤ ከዚያ ያ ቀጭን ድምፅ መጣ። አንዲት ማር ሻጭ ቆም አለችና እንስራዋን አወረደች። ከጎኗ የነበሩት ሁለት እናቶች ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ ታጠቁ። ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ አንዱን መዝጊያ ገርበብ አደረገ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደኔ መጡ።

"ልጄ፣ ልቅሶ ቤቱ በየት በኩል ነው?"

ያኔ ነው የገባኝ። እኛ አገር ያለ ከበሮ፣ ያለ ጭብጨባ፣ በካፊኖኖ እንዲያ ቀስ ተብሎ የሚዜመው ሰው ሲሞት ነው። ገበያተኛው ሙዚቃ ቤቱ መርዶ የሚያሰማ መስሎታል!

"ልቅሶ የለም አባባ፤ ዘፈን ነው።"

"እንዲህ ያለ ዘፈን አለ? በሰው ሞት አትቀልጂ።"

ወንድሜ ፊቱ ቀላ፤ ሊያጠፋው እጁን ወደ ቴፑ ሰደደ። በዚህ መሐል ከሽንኩርት ተራ በኩል እናቴ ነጠላዋን ታጥቃ፣ ጎመኗን ይዛ እየሮጠች መጣች። የልጇን ድምፅ ለይታ እሱ አንድ ነገር የሆነ መስሏታል። በቁሙ ስታየው በያዘችው ጎመን ጀርባውን መታችው።

"በቁምህ ታስለቅሰኛለህ!" አለችው፤ ታለቅስም ነበር። ጥቂት ሰምታ ግን ድምፅዋ ተለወጠ፤ ግጥሙ የማንንም ስም አይጠራም። "ይሄ ለማን ነው?"

"ለአባባ" አላት።

አባታችን ደካ ወደምትባል ከተማ ለንግድ ሄዶ ታሞ እዚያው ነበር የሞተው። ወንድሜ ያን ሰሞን ከቡድኑ ጋር ጅማ መድረክ ላይ ነበር፤ መርዶው የደረሰው ከተቀበረ በኋላ ነው። ከተመለሰ ጀምሮ ስለሱ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እናቴም "ይሄ ልጅ ለአባቱ እንኳ አላለቀሰም" እያለች በሆዷ ይዛበት ቆይታለች።

"እጅህን አንሳ፤ እስኪያልቅ ተወው" አለችው። የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ካሴቱ መጨረሻ ላይ እንደተለመደው ዝናብ ጀመረ፤ ማር ሻጭዋ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። "ዘነበ እንዴ?" አለች። እናቴ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።

ጋሼ ካሴቱን አውጥተው ኮታቸው ኪስ ከተቱት።

"ልቅሶ ነው ብለዋል እኮ ጋሼ!" አለ ወንድሜ።

"ሰምቻለሁ። አንዱን ሰው አገኘሁት፣ እሱን ይዤ እሄዳለሁ።"

ይዘውት ሄዱ፤ ይዘውትም ተመለሱ። አሳታሚው "ኦርጋን ይግባበት፣ ፈጠን ይበል፣ በአማርኛ ይሁን" ብሏል። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ካሴቱን ተቀብሎ ለእናቴ ሰጣት። ክራሩንም አልሸጠውም።

በዓመቱ ከባህል ቡድኑ ለቆ አባታችን የሞተበት ደካ ገባ፤ ሥራ ያዘ፣ እዚያው አገባ። ሰው ሲሞት ይጠሩታል፤ ክራሩን ይዞ ይሄዳል። ሰርግ ሲጠሩት ግን ጓደኞቹን ይልካል።