የእትዬ ሸዋረጋ ግልበጣ

እትዬ ሸዋረጋ እድሩን ገለበጡ ተባለ። ወሬው ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ሲነሳ የገለበጡት ሰብሳቢውን ብቻ ነበር፤ ሳንሱሲ ሲደርስ ድንኳኑን፣ ሁለት መቶውን ወንበርና ሦስቱን ትልልቅ ድስት ጨምረዋል። ዘነበወርቅ የሰማው ሰውማ በታንክ ነው አለ።

እኔ ተጠራጠርኩ። እትዬ ሸዋረጋ አስፋልት ለመሻገር መኪናው በሁለቱም ወገን እስኪያልቅ የሚጠብቁ ሴት ናቸው። ኮልፌ ላይ ደግሞ መኪና አያልቅም፤ አንድ ዓመት ለቅበላ ዳር ላይ የቆሙት ለፋሲካ ነው የተሻገሩት። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይገለብጣል?

ሠላሳ ዓመት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ የእድሩ ጸሐፊ ሆኑና ኮምፒውተር ተሰጣቸው። በሁለተኛው ቀን ማውሱን ነቅለው መሳቢያ ከተቱት። "ካውያ እንደያዘ ሰው ጠረጴዛ ላይ ወዲያ ወዲህ የምለው ምን ሆኜ ነው!" አሉ። ኮምፒውተር ጠጋኙ ሄኒ ትእዛዝ እየተጻፈ የሚገባበትን ጥቁሩን መስኮት ሲያሳያቸው ግን የጠፋ ዘመድ ያገኙ ያህል ደስ አላቸው። ሥዕል የለ፣ መጫን የለ፤ መጻፍ ብቻ።

አንድ ማክሰኞ ኮምፒውተሩ እንደ በርበሬ ወፍጮ መጮህ ጀመረ። ውስጡ የአራት መቶ አሥራ ሁለት ቤተሰብ ስም አለ፤ የወረቀቱን መዝገብ የክረምቱ ፍሳሽ ገንፎ አድርጎታል። እነዚህ ስሞች ከጠፉ እድርተኛው ማን እንደሆነ የሚያውቅ አንድዬ ብቻ ነው። ሄኒ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና "እትዬ፣ ዲስኩ እየሞተ ነው። አሁኑኑ ወደ ፍላሽ ይገልብጡት" አለ።

እትዬ ሸዋረጋ ያለ ሰብሳቢ ፈቃድ እስክሪብቶ አያነሱምና ደወሉ። ሰብሳቢው ጋሽ ተክለማርያም ታክሲ ውስጥ ነበሩ፤ ጆሯቸው ስለሚከብድ ስልካቸው ሁልጊዜ ስፒከር ላይ ነው።

"ጋሽ ተክለማርያም፣ እድሩን ዛሬ ልገለብጠው ነው!"

"ምን?"

"ዛሬ ካልገለበጥኩት ነገ የለም!"

"ማንን ማንን ነው የምትገለብጪው?"

"ሁሉንም! አንድ ሰው አላስቀርም። ከእርስዎ ነው የምጀምረው!"

ተሳፋሪው ሁሉ ሰማ። ረዳቱ ሒሳብ መቀበል ረሳ፤ በኮልፌ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። አሥራ ሁለት ተሳፋሪ ወሬውን ይዞ በአሥራ ሁለት አቅጣጫ ወረደ።

ጋሽ ተክለማርያም የድንኳን ኃላፊውን ከሊፋን አስከትለው የእድሩ ቤት ሲደርሱ፣ እትዬ ሸዋረጋ ማይኤስኪውኤልዳምፕ የተባለውን የመገልበጫ ትእዛዝ፣ የመዝገቡን ስምና የሚቀመጥበትን ፍላሽ በአንድ መስመር ደርድረው፣ የማስገቢያውን ቁልፍ እንደ ማኅተም መትተውት ነበር። መስኮቱ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች።

"ኮምፒውተሩ ምን አለሽ?" አሉ ሰብሳቢው፣ የሚገለበጠው የስም መዝገቡ መሆኑን ሄኒ ከነገራቸው በኋላ።

"ምንም።"

"ታዲያ አልሠራማ!"

"ጋሼ፣ ይሄ ሲሠራ አይናገርም። የሚናገረው ሲበላሽ ነው።"

ሃያ ዓመት ስብሰባ የመሩት ጋሽ ተክለማርያም ሳይናገሩ መሥራት እንደሚቻል ያን ቀን ገና ሰሙ፤ አላመኑም። "ከሊፋ፣ ሶኬቱን ንቀለው!"

"ንካውና!" አሉ እትዬ ሸዋረጋ ዞር ሳይሉ። "የአንተም የእናትህም ስም እዚያ ውስጥ ነው።"

የከሊፋ እጅ አየር ላይ ቀረ። ወፍጮው ጮኸ፣ እንደ በሽተኛ ሳለ፣ እንደገና ጮኸ። በመጨረሻ ሰረዟ አንድ መስመር ወደ ታች ወረደች።

"አለቀ" አሉ እትዬ ሸዋረጋ። ፍላሹን ነቅለው የሄኒ ላፕቶፕ ላይ ሰኩት። ፋይሉ ሲከፈት አራት መቶ አሥራ ሁለቱም ቤተሰብ በቅንፍና በነጠላ ሰረዝ ታጥሮ ተሰልፏል። የመጀመሪያው ተራ ላይ ጋሽ ተክለማርያም፣ ከነሰብሳቢነታቸው።

"አሮጌው ውስጥስ?" አሉ ሰብሳቢው።

"እዚያም አሉ።"

"ሁለት ቦታ ነኝ ማለት ነው?"

"ሁለት ቦታ ነዎት።"

የሰብሳቢው ደረት ተነፋ። ይሄኔ አሮጌው ኮምፒውተር ጧ! ብሎ ጨለመ።

"አሁን አንድ ቦታ ነዎት" አሉ እትዬ ሸዋረጋ ፍላሹን መቀነታቸው ውስጥ እየቋጠሩ።

በማግስቱ ቤታቸው ሄጄ "እትዬ፣ እድሩን በታንክ ገለበጡ ይባላል" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

"ሐሰት ነው። ማንንም አልገለበጥኩም። ሰብሳቢውም ወንበሩም ድስቱም በየቦታቸው ናቸው፤ ታንክ የሚባል ነገርም አልነበረም። ስም ነው የገለበጥኩት።"