ከኋላ ወንበር የሚታይ ፊት

በልጅነታችን «እትዬ አሻንጉሊት» ነበር የምንላቸው። እውነተኛ ስማቸውን የጠየቀ አልነበረም። ከገበያው ጀርባ ባለችው ትንሽ የአሻንጉሊት ቲያትር ቤት፣ ከመድረኩ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ እንጨት እየጠረቡ፣ የተዘፈዘፈ ወረቀት ከሙጫ ጋር እያቦኩ ፊት ይሠሩ ነበር። ባለቤታቸው ደግሞ ላይ፣ ከጥቁሩ መጋረጃ ጀርባ ሆነው፣ ያንን ፊት በክርና በዘንግ እያንቀሳቀሱ ነፍስ ይዘሩበታል። ሰውየው ዝምተኛ ነበሩ። እትዬ ሲያነሷቸው፣ «እኔ ቆዳውን ነው የምሠራው፤ ነፍሱ የሱ ናት» ይላሉ።

ጦርነቱ ሲጀመር ቲያትር ቤቱ ወዲያው አልተዘጋም። መጀመሪያ አባቶች ከአዳራሹ ጠፉ። ቀጥሎ መብራት ጠፋ። ድሮኖች ከተማው ላይ ማንዣበብ ሲጀምሩ ደግሞ ብዙ ልጆችን በአንድ ጣሪያ ሥር መሰብሰብ ተከለከለ። ወንበሮቹ ተነቅለው በቦታቸው የቁስለኛ አልጋ ገባ፤ መጋረጃው ተቀዶ አንሶላ ሆነ፤ አሻንጉሊቶቹ በሣጥን ታጭቀው ምድር ቤት ወረዱና የአይጥ ሲሳይ ሆኑ። የእትዬ ባለቤትም በዚያው ዓመት ሞቱ። ጥይት አልነካቸውም። ስኳር ነበረባቸው፣ መድኃኒቱ ከከተማው ጠፋ፣ አለቀ። እንዲህ የሞተን ሰው ማንም ከጦርነቱ ሙታን ጋር አይቆጥረውም።

እትዬን ሆስፒታሉ አስጠራቸው። ሰው ሠራሽ እግርና እጅ የሚሠሩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ፊት የሚሠራ ግን አልተገኘም። ጀሶ ማፍሰስ፣ ሰም መቅረጽ፣ ቀለም መበጥበጥ የሚችል ሰው ተፈልጎ ነው።

«አፍንጫ፣ ጆሮ፣ አንዳንዴም ዓይን ከነቅንድቡ» አላቸው ሐኪሙ።

«ለስንት ሰው?»

ሐኪሙ በመስኮቱ ወደ ግቢው አመለከታቸው። ወጣቶች አግዳሚ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። አንዳንዱ ወደ ግራ፣ አንዳንዱ ወደ ቀኝ ዞሯል፤ ሁሉም ደህናውን ጎኑን ለበሩ ሰጥቶ።

ከተማው ራሱ አቀማመጥ መምረጥ ተምሮ ነበር። ሻይ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የሚያዙት ግድግዳ ዳር ያሉት ወንበሮች ናቸው። ፎቶ ቤቶች ሳይጠየቁ ሰውን በጎኑ ማንሳት ጀመሩ። እናቶች ልጆቻቸውን መንገድ ላይ «አትይ፣ አትይ» ይሉና፣ ቆይተው ደግሞ «ለምን ታፈጣለህ፣ ባለጌ!» ይሏቸዋል።

አንድ አስር አለቃ ወደ እትዬ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ከመዝመቱ በፊት አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበር፤ ምላሱም የትኬት ቆራጭ ነው። ድሮን የጣለችው ቦምብ አፍንጫውን፣ ቀኝ ዓይኑንና የቀኝ ጉንጩን ወስዳበታለች። ሲዘምት ሴት ልጁ ገና ጨቅላ ነበረች፤ ሲመለስ አምስት ዓመቷ። አባቷን የምታውቀው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፎቶ ነው። በር ከፍቶ ሲገባ ስታየው እስኪያስመልሳት ጮኸች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታላቅ ወንድሙ ዘንድ ነው የሚያድረው።

«ቤቴ የሚያስገባኝ ፊት ይሥሩልኝ» አላቸው። «ቆንጆ ይሁን አላልኩም። አባባ የምትለው ይሁን።»

እትዬ ፎቶውን አስመጥተው ሥራ ጀመሩ። የመጀመሪያውን አፍንጫ ሲለካ አስር አለቃው መስተዋት ላይ ከሩቅም ከቅርብም አየው።

«እትዬ፣ ይሄ አፍንጫ እኮ ከእኔ ቀድሞ ነው ቤት የሚገባው።»

እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ውይ በሞትኩት! ከኋላ ወንበር እንዲታይ አድርጌ ሠርቼው!» ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ፊት ሁሉ ከመጨረሻው ረድፍ ለሚያይ ልጅ ነዋ፤ እጃቸው ሌላ ልክ አያውቅም።

«ግድ የለም፣ ለጎረቤት የሚተርፍ ነው» አለ አስር አለቃው።

ሁለተኛው በልኩ ሆነ። ከመነጽር ጋር ተያይዞ የሚጠለቅ፣ ቀለሙ ከቆዳው የማይለይ ጥሩ ሥራ ነበር። ዝም ሲል ፎቶውን ራሱን መሰለ። ሲናገር ግን ግማሹ ይናገራል፣ ግማሹ ይደርቃል። አስር አለቃው መስተዋቱ ፊት «አባባ ነኝ» ብሎ ሞከረና ቶሎ አወለቀው። «ጎኔ ላይ ሬሳ የተለጠፈ ይመስላል። ይሄን ካየችማ ጨርሳ ከአገር ትጠፋለች።»

እትዬ ያንን ሳምንት እንቅልፍ አጡ። ነገሩ የተገለጠላቸው በኋላ ነው፦ የአሻንጉሊት ፊትም አይንቀሳቀስም። ያ ሁሉ ልጅ ግን በዚያ ደረቅ ፊት ስቆበታል፣ አልቅሶበታል። የሚስቀውና የሚያዝነው ፊቱ ሳይሆን አንገቱ ነበር።

«ና ተቀመጥ» አሉት። «ባለቤቴ ቢኖር ነበር የሚያስተምርህ። እኔ ሳየው ከኖርኩት እነግርሃለሁ። ከእንግዲህ ፊትህ አንገትህ ነው።»

አገጩን ትንሽ ዝቅ ሲያደርግ ጥላው ከንፈሩ ላይ ይወርዳል፤ ያዘነ ይመስላል። ቀና ሲል ብርሃን ጉንጩን ይመታዋል፤ ደስ ያለው ይመስላል። ጭንቅላቱን ወደ ትከሻው ዘንበል ሲያደርግ ይጠይቃል። ከመናገሩ በፊት ደረቱ በትንፋሽ ከፍ ማለት አለበት፤ ያን ጊዜ የሚያየው ሰው ዓይን ከአፉ ላይ ይነሳል።

«ሠራዊቱ አምስት ዓመት ሙሉ ቀጥ በል ሲለኝ ኖሮ፣ እርስዎ ደግሞ ጎንበስ በል ይሉኛል!»

«ቀጥ ብለህ ምን አተረፍክ? ዝቅ በል አልኩህ።»

ክረምቱን እንዲህ ሲለማመዱ ከረሙ። በመጨረሻ ያ ደረቅ ፊት ማዳመጥ፣ መደነቅ፣ ማፈር ቻለ። እትዬ አንዳንዴ ያንን አንገት ሲያዩ የባለቤታቸውን እጅ ያዩ እየመሰላቸው ወደ ቀለማቸው ይዞሩ ነበር።

ቤት የሚገባበት ቀን ሲደርስ የመጨረሻ ምክራቸውን ሰጡት። «ቀድመህ አትናገር። አባትሽ ነኝ ብለህም አትንጠራራባት። ጥግ ተቀመጥና በአንገትህ ጥራት። ልጅ መጋረጃውን ራሱ ነው ገልጦ የሚገባው።»

እንዳሉት አደረገ። ልጅቷ በሩ ሥር ቆማ ረጅም ጊዜ አየችው። ዘንበል አለ፤ ዘንበል አለች። ቀና አለ፤ ቀና አለች። ከዚያ ሳቀች። ቀርባ አፍንጫውን በጣቷ ነካች፤ ጭኑ ላይ ወጣች። የልጅቷ እናት ጓዳ ገብታ በጨርቅ አፏን አፍና አለቀሰች። ያን ዕለት ቤቱ ውስጥ ሰርግ የተደገሰ ነው የሚመስለው።

በወሩ የመነጽሩ ማንጠልጠያ ተሰብሮ ሦስቱም ወደ እትዬ ክፍል መጡ። ልጅቷ የአባቷን እጅ ይዛ እየጎተተች ነው የገባችው። እትዬ ማንጠልጠያውን ጠግነው መነጽሩን መልሰው ሲያጠልቁለት ልጅቷ በኩራት፣ «እዩት! ሁሉን ይችላል!» አለቻቸው። «ተደነቅ!»

አስር አለቃው ተደነቀ።

«እፈር!»

አፈረ።

እትዬ እየሳቁ ጎንበስ አሉ። «ጎበዝ! ለመሆኑ ይሄ የማን ነው?»

«የኔ! አሻንጉሊቴ ነው።»

እትዬ ቀና ብለው ባለቤቱን አዩ። እሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ነግረናታል እኮ፣ እትዬ» አለች። «በየቀኑ እንነግራታለን። አባባ መሆን ሲጫወት ነው ትለናለች።»

«የኔ ቆንጆ፣» አሉ እትዬ፣ «አባትሽ እኮ ነው። እኔ ነኝ ይሄን አፍንጫ የሠራሁለት።»

«አዎ፣ አንቺ ነሽ የሠራሽው!» አለች ልጅቷ፣ ነገሩ ሁሉ እንደተረጋገጠላት። «አባባ ጦርነት ላይ ነው። ሲመጣ አሳየዋለሁ።»

አስር አለቃው አገጩን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገ፤ ጥላው ከንፈሩ ላይ ወረደ። እትዬ ይህንን አላዘዙትም፤ ልጅቷም አላዘዘችውም።

«እዩት፣ እዩት! ሲያዝን ደግሞ እንዲህ ነው!» አለችና ልጅቷ አጨበጨበች።