ስሙ የተሸፈነው ውል

መምህሩ ቋንቋ ማስተማር ከጀመረ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ቃል ፈርቶ አያውቅም።

«ቃሉን አትፍሩት» ይላቸዋል ተማሪዎቹን። «ሰውየውን ባታውቁት ጎረቤቱን ትጠይቁ የለም? ቃልም ጎረቤት አለው። ከፊቱ ማን አለ? ከኋላው ማን ተቀምጧል? እያላችሁ ድረሱበት።»

ሰሞኑን የተያዘው ምዕራፍ ሕግ ነክ ቃላት ነበር። መጥሪያ፣ ይግባኝ፣ እግድ፣ ሁሉም በጎረቤቶቻቸው እየተጋለጡ ተራ በተራ እጅ ሰጥተዋል።

የሚኖርባትን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውል ግን ሳያነብ ነው የፈረመው። አከራዩ ዕድሜ የጠገቡ፣ አንደበታቸው የለሰለሰ ሰው ናቸው። የእስክሪብቶውን ክዳን ከፍተው በሁለት እጃቸው ሲያቀብሉት፣ ሦስት ገጽ ዘርግቶ እፊታቸው ማንበብ «አላምንዎትም» የማለት ያህል ሆኖ ታየው። ፈረመ። «ፊርማህ እንዴት ያምራል!» አሉት። ደስ ብሎት ወጣ።

በስምንተኛው ወር፣ አንድ ሰኞ ከሰዓት፣ አከራዩ በሩን አንኳኩ።

«መምህሬ፣ ልጄ ሊያገባ ነው። በአሥራ አምስት ቀን ቤቷን ትለቁልኛላችሁ።»

«ጋሼ፣ ውላችን ገና አራት ወር ይቀረዋል እኮ።»

«ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካለ ማስለቀቅ እንደምችል ተጽፏል። የልጅ ሠርግ ከአቅም በላይ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? መቼም አንብበኸዋል።»

«እንዴታ!» አለ መምህሩ።

ሚስቱ የሰውየው ኮቴ እስኪርቅ እንኳ አልታገሠችም።

«እንዴታ? አንተ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ! ለሰው ልጅ ቃል ትፈታለህ፣ ለእኛ ሻንጣ ታሳስራለህ። ሁለት ልጅ ይዤ በአሥራ አምስት ቀን የት ልግባ?»

ውሉን ከቁም ሳጥኑ ሥር አውጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበው። «እንደ ጎርፍ፣ ቃጠሎ፣ የመሬት መንቀጥቀጥና መሰል ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካላጋጠመ በስተቀር፣ አከራይ የውሉ ዘመን ሳይፈጸም ተከራይን ማስለቀቅ አይችልም።» ሌላ ቀን ቢሆን በአምስት ደቂቃ የሚያስረዳው ነገር ነበር። አሁን ግን «መሰል» የምትለዋ ቃል ዓይኑ ላይ እያበጠች ሄደች። እዚህች ውስጥ ሠርግ ተደብቆ ቢሆንስ? ጠበቃ ጋ እንዳይሄድ «ሲፈርሙ የት ነበሩ?» መባሉ አይቀርም። ለባልደረቦቹ እንዳይነግር የመምህራን ማረፊያ ክፍል ለወር የሚበቃ መሳቂያ ያገኛል።

አልሸሹም ዞር አሉ እንዲሉ፣ ስሞቹን በወረቀት ቁራጭ ሸፍኖ ውሉን ፎቶ ኮፒ አስደረገና በማግስቱ ለክፍሉ አደለ።

«አንድ ሰው አለ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «የማላውቀው ሰው። አከራዩ ልጄን ልድር ነውና ልቀቅ ብሎታል። ሠርግ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ነው? ጎረቤቶቹን ጠይቁ።»

«ነው!» አለ ከኋላ ወንበር «ጠበቃው» የሚሉት ለፍላፊ። «እናቴ እህቴን ስትድር ብታዩዋት ኖሮ ጎርፍ ይሻላል ትሉ ነበር።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«ቆይ ግን ቲቸር» አለ «ጠበቃው» ቀጥሎ፣ «ተከራዩ ፊደል ቆጥሯል?»

«ቆጥሯል» አለ መምህሩ ወደ መስኮቱ እያየ።

«ታዲያ ምን ነክቶት ነው ሳያነብ የፈረመው?»

«እንዳላነበበ በምን አወቅህ?»

«ያነበበ ሰው አይደነግጥማ!»

መምህሩ ጠመኔ ፍለጋ ጎንበስ አለ። በዚህ መሐል ከፊት ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። የአከራዩ የልጅ ልጅ ናት፤ የምትኖረውም ከእሳቸው ጋር ነው። ስሙን እስከ ሸፈነ ድረስ ውሉ የአያቷ መሆኑን አታውቅም ብሎ ነበር።

«ጎርፍ ቀን ቆርጦ አይመጣም» አለች። «እሳትም እንደዚያው። ሠርግ ግን ቀን የሚቆርጡለት ራሳቸው ደጋሾቹ ናቸው። ስለዚህ እነሱን አይመስልም።»

መምህሩ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደኅና አድርጎ ተነፈሰ። ሁሉም ከአቅም በላይ ለሆነና ላልሆነ ምክንያት ምሳሌ ጽፈው እንዲመጡ የቤት ሥራ ሰጠ። በትምህርት ቤቱ ደንብ መሠረት በየቤት ሥራው ግርጌ ወላጅ «አንብቤዋለሁ» ከሚለው ቃል ሥር ይፈርማል።

ደብተሮቹን ሲያርም የልጅቷ ጋ ደረሰ። «ከአቅም በላይ የሆነ፦ ጎርፍ። ከአቅም በላይ ያልሆነ፦ የአጎቴ ሠርግ። ቀኑን አባባ ራሳቸው ከሦስት ወር በፊት ቆርጠውታል።» ከሥሩ «አንብቤዋለሁ» ይላል። የአከራዩ ፊርማ ሰፋ ብሎ ተቀምጧል።

ቅዳሜ ጠዋት አከራዩ ግድግዳ የሚለካ ቀለም ቀቢ አስከትለው መጡ። መምህሩ ደብተሩን ዘረጋላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ይሄ የልጅ ደብተር ነው።»

«ፊርማው የእርስዎ ነው ጋሼ።»

«ሬዲዮ እየሰማሁ ‹አባባ እዚህ ጋ ፈርሙልኝ› አለችኝ፣ ፈረምኩ። ደግሞ የልጅ ደብተር ማን ያነባል?»

መምህሩ ይህን ለመገሠጽ ሞራሉ አልነበረውም። ሚስቱ ግን ነበራት።

«ሁለታችሁም አንድ ትምህርት ቤት ሳትማሩ አልቀራችሁም» አለች።

አከራዩ አልሰሟትም። ዓይናቸው በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው ቁጥር ላይ አርፏል።

«ዘጠኝ ከስንት ነው?»

«ከአሥር። የቀሩት ስድስትና ሰባት ነው ያገኙት። ከክፍሉ አንደኛ ናት።»

የሰውየው ፊት ፈካ። «ወደ እኔ ነው የሄደችው። እናቷ እንኳ እንዲህ አልነበረችም።» ከዚያ ቅንድባቸው ተሰበሰበ። «ታዲያ አንዷ ለምን ቀረች?»

መምህሩ በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ወላጅ መጥቶበት ማርክ ቀይሮ አያውቅም። ሚስቱን አየ። ሚስቱ በር ሥር የተደረደሩትን ሻንጣዎች አየች።

«ስደምር ተሳስቼ ነው ጋሼ» አለና ዘጠኙን ሰርዞ አሥር ጻፈ።

አከራዩ ደብተሩን ብብታቸው ሥር አደረጉት። ግድግዳው ሥር ሜትሩን ዘርግቶ ወደሚጠብቀው ቀለም ቀቢ ዞሩ።

«አንተ፣ ያንን ጠቅልለውና የእኔን ሳሎን ለካልኝ» አሉት። «ሙሽሮቹ አራት ወር እዚያ ይቆያሉ።»