ጁባን መርካቶ ያልንበት ክረምት

ባሌ ጁባ ሊሄድ ሲነሳ ከሁሉ በፊት የመከርነው ስለ መንገዱ አልነበረም፤ ለእናቱ ምን እንደምንላቸው ነበር። የአጎቱ ልጅ እዚያ የሸቀጥ ማከፋፈያ ከፍቶ የሚያምነው ሰው አጥቶ ነበርና ና አግዘኝ አለው። ወልቂጤ ያለችን የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ዝንብ እሽ ስንል ነው የምንውለው። ስለዚህ መሄዱ አላከራከረንም። ያስጨነቀን የአማቴ ነገር ነው። ከአረቅጥ ወጣ ብሎ ባለው የደጋ መንደራቸው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ የደም ግፊት ያለባቸው፣ ሬዲዮናቸውን የማያጠፉ ሴት ናቸው። ስለዚያ አገር ተኩስ የሚወራውን ሁሉ ከእኛ በፊት ሰምተውታል።

የባሌ ወንድምና እህት ተሰበሰቡና «መርካቶ ሥራ አገኘ እንበላት» አሉ። ለጉራጌ እናት ከዚህ የበለጠ የሚታመን ውሸት ከየት ይመጣል? እኔ ግን አልተዋጠልኝም። አፌ ዝም አይልምና «ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል» አልኳቸው። ማን ሰምቶኝ። ይልቅ ባሌ አፌን ስለሚያውቀው ጓዳ አስገብቶ አስማለኝ። «አንተ ትሙት፣ አልናገርም» አልኩት። እንደ ማንኛውም ሰው ሳላስበው የምምለው መሐላ ነው።

ዝግጅቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ወስጄ የቢጫ ወባ ክትባት አስወጋሁት፤ ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር በላስቲክ አሰርኩለት። አጎበር ገዛሁ፣ የውሃ ማከሚያ ገዛሁ፣ ተቅማጥ ቢይዘው በውሃ የሚበጠብጠውን ዱቄት ገዛሁ። ቡታጅራ እናቴ ቤት በሄድኩ ጊዜ ከጁባ የተመለሰ አንድ ሾፌር አፈላልጌ ስለ አገሩ ጠየቅሁት፤ ለባልሽ ይህን ንገሪው አለኝ። ከመሸ አትውጣ፤ ወታደርና ድልድይ ፎቶ አታንሳ፤ ኬላ ላይ እጅህ ይታይ፤ መሣሪያ የያዘ ሰው ስልክህን ከጠየቀህ ስጠውና ሂድ። ይህንን ሁሉ እራት ሲበላ፣ ጫማውን ሲያስር፣ ፊቱን ሲታጠብ እደግምለታለሁ። በመጨረሻ ሰለቸውና «አንቺ ሴት፣ ሚስቴ ነሽ ወይስ ኤምባሲ?» አለኝ።

የወባ መከላከያውን ክኒን የሰጠችው የፋርማሲዋ ልጅ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቃ ነገረችው። በየቀኑ ትውጣለህ፤ አገርህ ከተመለስክም በኋላ አራት ሳምንት ሙሉ እንዳታቋርጥ፤ በሽታው ሰውነትህ ውስጥ ተደብቆ አብሮህ ሊመጣ ይችላል አለችው። እሺ አላት። ከፋሲካ በኋላ ሄደ።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ለእናቱ ከጁባ ቁጥር ቢደውልላቸው ስለሚታወቅ፣ መርካቶ ስልኩን ሰረቁት ብለናቸው ነበር። ስለዚህ እሱ በኢንተርኔት ለእኔ ይደውልና እኔ በሌላ ስልክ እናቱ ጋ ደውዬ ሁለቱን ስልክ አፍ ለአፍ እገጥማቸዋለሁ። ከኋላው ጄኔሬተር ይጮሃል። አማቴ የመርካቶ ጫጫታ ጆሮ ይበጥሳል፣ ምን ዓይነት አገር ነው ይሉኛል። እኔ ስልኮቹን እንደያዝኩ ከንፈሬን እነክሳለሁ። አንድ ቀን ከመሃል ተኩስ ተሰማ፤ ባሌም ቆርቆሮ የሚያራግፉ ናቸው አላቸው። የዚያን ቀን ስልኩን ከዘጋን በኋላ ተቀምጬ አለቀስኩ። ናፍቆኛልም፣ አናዶኛልም፤ ሁለቱ አብረው ሲመጡ እንዴት እንደሚያደርግ ያገባች ታውቀዋለች።

ለመስቀል መጣ። ሌላ ጊዜ ቢቀር ይቀራል፤ መስቀልን ከእናቱ ቤት የቀረ ልጅ ግን ምን ልጅ ነው? ጠቁሮ፣ ከስቶ፣ ያው ሳቁን ይዞ መጣ። እናቱ የመርካቶ ፀሐይ እንዲህ ያከስላል እንዴ ብለው ጉንጩን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው አዩት። ክኒኑን ወልቂጤ ትቶት እንደወጣ ያወቅሁት እናቱ መንደር ከደረስን በኋላ ነው። ለምን ብዬ ተቆጣሁ። «ለእናቴ ምን ብዬ ነው የምውጠው? ደግሞ እዚህ ብርድ ውስጥ ትንኟ ራሷ ጋቢ ነው የምትፈልገው» አለኝ። ይባስ ብሎ መሳቁ! ወንድሙን በማግስቱ ወልቂጤ ወርዶ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። በመስቀል ማን መኪና ይነዳል ብሎ ሳቀብኝ።

በበዓሉ ሁለተኛ ቀን ከሰዓት ላይ አንቀጠቀጠው። ከቤት ቤት ሲዞር ነው የዋለው፤ የአንዱን ክትፎ በልቶ የሌላውን ቢተው ይቀየሙታልና ገበታው ሁሉ ላይ ቀርቧል። ሁለት ጋቢ ደርበንለት ጥርሱ ይንገጫገጫል። ዘመድ ሁሉ ምች ነው አለ፤ ላብ እንዳጠመቀው ሲወጣ መትቶት ነው። አማቴ ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፈው በመዳፋቸው አሹት፤ ግንባሩን ቀቡት፣ ጭማቂውን በቡና አጠጡት። እኔ ጆሮው ሥር ተደፍቼ ጤና ጣቢያ እንውረድ አልኩት። ነገ ይሻለኛል፣ እናቴን አታስደንግጪያት አለኝ። በማግስቱ ጠዋት እውነትም ተነሳ፤ ቆጮ በአይብ በላ፣ እኔንም እንደ ልማዱ አሾፈብኝ። ዘመድ ሁሉ «አላልንም?» አለ። እኔም ደስ አለኝ፤ ምን ልዋሽ።

ከቀትር በኋላ ግን ወደቀ። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ እኔን በእህቱ ስም ይጠራኛል፤ ሰውነቱ አያስነካም። ጎረቤቶቹ ተሸክመው ሚኒባስ ላይ አስገቡት፣ ጤና ጣቢያ ደረስን። አማቴ የልጃቸውን ጫማ በእጃቸው ይዘው ከኋላ ተከተሉ።

የጤና መኮንኑ ሆዱን ተጫነው፣ ምን እንደበላ ጠየቀ፤ ከዚያም ሰሞኑን የት እንደከረመ ጠየቀ። አማቴ ቀደም ብለው መርካቶ ነው የሚሠራው አሉ፤ አሁንም እንኳ ሲሉት ኩራት ነበረበት። መኮንኑ እንግዲህ የበዓሉ ጥሬ ሥጋ ይሆናል፣ ታይፎይዱን እንይለት ብሎ መጻፍ ጀመረ። ምን ያድርግ? ከመርካቶ መጣ በተባለ ሰው ላይ፣ በዚያ ደጋ፣ ወባ እንዴት ይታሰበዋል? የባሌን ወንድም አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል። እህቱም ነጠላዋን ትጎነጉናለች። በር ላይ የመንደሩ ሰው ቆሟል። ምራት ሆኜ፣ ያውም ከሌላው ጉራጌ፣ ከመስቃን የመጣሁ፣ አማቴን በሰው ፊት ውሸታም ላደርጋቸው ነው። «አንተ ትሙት» ብዬ የማልኩትን አሰብኩት። ዝም ካልኩ ነው የሚሞተው።

«መርካቶ አይደለም» አልኩ። «ጁባ ነው የከረመው። ከመጣ ሳምንት አልሞላውም፤ የወባ መከላከያውንም አቋርጧል።»

መኮንኑ እስክሪብቶውን ጣለው። ጣቱን ወግተው ደሙን አዩ። ወባ ነው፣ ያውም ክፉው ዓይነት፣ ከዚህ በላይ ብትቆዩ ኖሮ አለና ሳይጨርሰው ተወው። መርፌ ወጉትና በአምቡላንስ ወደ ወልቂጤ ላኩን። ቁልቁለቱን ስንወርድ እጁን ይዤ ነበር። እኔ የፈራሁት ጥይቱን፣ ኬላውን፣ የጨለማውን መንገድ ነው፤ ያንን ሁሉ አልፎ ተመልሶ እናቱ አልጋ ላይ ሊሞትብኝ ነው ብዬ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። አማቴ ከፊት ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠዋል። አንድ ጊዜም ዞረው አላዩኝም።

ሆስፒታል ውስጥም አላናገሩኝም። የእሳቸውና የእኔ ጉራጊኛ ስለማይገጥም መግባቢያችን አማርኛ ነው፤ እነዚያን ቀናት ከሌላው ሰው ሁሉ ጋር በጉራጊኛ ብቻ አወሩ። ቢሆንም ምግብ በመጣ ቁጥር የመጀመሪያውን ጉርሻ አፌ ላይ ያስጠጋሉ፤ እምቢ ስል ይገለምጡኛል። እኔም እየተገለመጥኩ በላሁ። የባሌ ወንድምና እህት መጥተው ለግፊትሽ ብለን ነው፣ አንቺን ብለን ነው እያሉ እግራቸው ላይ ወደቁ።

ትኩሳቱ ከለቀቀው በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ባሌ ትራሱን ተደግፎ ተቀመጠ። እናቱ አጥሚት በማንኪያ እያጠጡት ነው፤ እኔ መስኮቱ ጋ ልብስ አጣጥፋለሁ። ጉሮሮውን ጠራረገና «እማዬ፣ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አላቸው።

አማቴ ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ መለሱት። ሲናገሩ በአማርኛ ነው የተናገሩት፤ እኔም እንድሰማ መሆኑ ገባኝ።

«መጨነቁንማ መቼ አስቀራችሁልኝ?» አሉ። «ሌሊት እየተነሳሁ ማርያምን፣ መርካቶ ነው ያለው፣ መርካቶ ድረሽለት ስላት ነው የከረምኩት። አንተ ለካ እዚያ ማንም ሳይለምንልህ ብቻህን ነበርክ።»

አጥሚቱ ከንፈሩ ላይ እንዳለ የባሌ እንባ ወረደ፤ እኔም ያጣጠፍኩትን ሸሚዝ መልሼ ፈታሁት። ትሄዳለህ አትሄድም አላሉትም። ፊቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለትና እዚያ የምታድርበት ሰፈር ስሙ ማን ይባላል ብለው ጠየቁት። ነገራቸው። ስሙ ለምላሳቸው ከባድ ነበር፤ ሳይሳሳቱ እስኪጠሩት ድረስ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ቀስ እያሉ ደጋገሙት።