የተጎተተችው ሙሽራ

ፒያሳ በምንለማመድበት አዳራሽ ለአንዱ ተዋናይ የግዙፍ ጭራቅ ጢም ስለጥፍለት የማስቲሹ ሽታ አባባን አመጣብኝ። አባባ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጫማ ይሰፋ ነበር፤ እጁ ሁልጊዜ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪያችን የሰሜን አውሮፓውያንን የጥንት አማልክት ተረቶች ወደ አጫጭር ቴአትር ቀይራ አሠራችን። በአንደኛው፣ ግዙፍ ጭራቅ መዶሻውን የሰረቀበት የነጎድጓድ አምላክ ንብረቱን ለማስመለስ ሙሽራ መስሎ ወደ ሌባው ቤት ይሄዳል። ረጅም ስለነበርኩ አምላኩን የተጫወትኩት እኔ ነኝ። ቬሎ ለብሼ ቆሜ ጭራቁ እጄን ይዞ ሲጎትተኝ፣ አባባ ከፊት ወንበር ብድግ አለ።

«አንተ! ልጄን ልቀቃት!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ዶሮ ማነቂያ ወዳለው ቤታችን ስንመለስ ቀድሜው እየሄድኩ፣ «ቴአትር እኮ ነው አባባ!» አልኩት።

«ረሳሁት» አለ ከኋላዬ ዝግ ብሎ። «እህቴን ጠልፈው እንዲያ እየጎተቱ ሲወስዷት እኔ ቁጭ ብዬ ነበር ያየሁት።»

ያኔ ነገሩ አልገባኝም፤ ያሳፈረኝ የሰው ሳቅ ብቻ ነበር። ዛሬ የማፍረው በራሴ ነው። አባባ እስኪሞት ድረስ የዚያችን አክስቴን ስም እንኳ አልጠየቅሁትም።